ከአካፋው በፊት ደብተሩ

ቤት ሲደረመስ የመሀል አዲስ አበባ ሰፈር አካፋ አያጣም። አቧራው ሳይወርድ ዶማ፣ ዲጂኖና ባልዲ ከየጊቢው ይወጣል፤ ጎረምሳው ፍርስራሹ አናት ላይ ይንጠላጠላል፤ ሁሉም ይጮኻል። ጉዱ የሚመጣው እሳት አደጋ ደርሶ ኃላፊው «ስር ያለው ስንት ሰው ነው? የት የት ጋ?» ብሎ ሲጠይቅ ነው። አንዱ ሦስት ይላል፤ አንዷ ሰባት፤ ሌላው «ኧረ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው» ይላል። ከዚያ በኋላ ቁፋሮው በግምት ይሄዳል። ባዶ ክፍል ላይ ሁለት ሰዓት ሲደከም፣ ሰው ያለበት ጥግ ደግሞ የተቆፈረው አፈር መጣያ ይሆናል።

ስለዚህ እዚህ የማወራው ባብዛኛው ስለ ደብተር፣ ስለ ዝምታና ስለ ፊሽካ ነው። ማውጣት መሣሪያና ባለሙያ ይፈልጋል። መፈለግ ግን ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል፤ ሰፈሩን ደግሞ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። አራዳም ሁኑ ልደታ፣ ቂርቆስም ሁኑ አዲስ ከተማ፣ ነገሩ ያው ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ብቻውን የመጣ በጎ ፈቃደኛ ከተመልካች አይለይም፤ ፖሊስ ገመድ ሲዘረጋ ከገመዱ ውጭ ይቀራል፤ ትክክልም ነው። በቀይ መስቀል ቅርንጫፍ በኩል ተመዝግቦ የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ሥልጠና መውሰድ፣ ወይም በወረዳው በኩል ከከተማው እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ጋር መተዋወቅ ከሁሉ ይቀድማል። ከተቻለ ሰፈሩ ራሱ ከስድስት እስከ አሥር ሰው ያለው ቡድን ይኑረው፤ አንድ አስተባባሪ፣ አንድ ጸሐፊ፣ አንድ ተመልካች፣ የቀሩት ሠራተኛ። እድሩ ካለ ቡድኑን እዚያው ማቋቋም ነው። ድንኳን፣ ወንበር፣ ለፋፊና መዝገብ ያለው ሌላ ድርጅት በሰፈር የለም።

ጥሪው

እሳት አደጋ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991። ሦስቱን በወረቀት ጽፎ የሱቁ በር ላይ መለጠፍ ነው፤ ሰው በድንጋጤ የገዛ ልጁን ስልክ ቁጥር ይረሳል።

አዲስ አበባ ውስጥ አድራሻ ማለት «ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ፣ ሰማያዊው በር» ስለሆነ፣ ደዋዩ ሦስት ነገር ይናገር፦ ትልቁን የታወቀ ምልክት፣ መኪናው ከየትኛው አስፋልት እንደሚታጠፍ፣ የሚቀበለው ሰው የት እንደቆመ። ከዚያ በእውነት ሰው ይቁም። አንዱ አስፋልቱ ላይ፣ አንዱ መታጠፊያው ላይ፣ አንዱ የመንደሩ አፍ ላይ። የእሳት አደጋ መኪና ስፋቱ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ መስተዋቱና በሩ ሲጨመር ሦስት ሜትር ተኩል ክፍት መንገድ ካላገኘ ሥራ መሥራት አይችልም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል የመንገዱ ጥበትና የሱቆቹ መጠጋጋት ምን ያህል እንዳስቸገረ ሁላችንም አይተናል። የቆመ መኪና፣ የተዘረጋ ሸራ፣ ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለ ሽቦ፦ መኪናው እስኪደርስ ድረስ ባለው ጊዜ የሚጠረጉት እነዚህ ናቸው። ይህን የሚሠራ ሰው እጁ አፈር ስላልነካ ያልሠራ ይመስለዋል። ተሳስቷል።

መብራት ማጥፋትም የዚሁ ሰዓት ሥራ ነው። በቀበሌ ቤቶች የሚያሳስተው ነገር አለ፤ የፈረሰው ቤት ቆጣሪ ጠፍቶም ሽቦው መብራት ሊኖርበት ይችላል፤ ከጎረቤት የተሳበ መስመር አለና። ስለዚህ የፊቱን ብቻ ሳይሆን የግራ፣ የቀኝና የኋላ ጎረቤቱን ቆጣሪ ጭምር ማስጠፋት፤ ሱቅ ካለ ጄኔሬተሩንም። የተበጠሰ ሽቦ በእንጨት ለመግፋት አትሞክሩ፤ መብራት ኃይል እስኪመጣ ሰው አይጠጋው። የቡታጋዝ ሲሊንደር ካለ መዝጊያውን ወደ ቀኝ አዙሮ መዝጋት ነው። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ምድር ቤትና ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል፤ ሽታው ላይ ባይሰማም ታች ሊኖር ይችላል።

ደብተሩ

ባለ መስመር ደብተርና እርሳስ። እስክሪብቶ በክረምት ዝናብ ይፈሳል፤ ስልክ ባትሪው ያልቃል፣ አሊያም ባለቤቱ ይዞት ይሄዳል። ጸሐፊው ከፍርስራሹ ራቅ ብሎ አንድ ቦታ ይቀመጥና ከዚያ አይነሳ። «ሰው ጠፍቶብኛል» የሚል ሁሉ ወደሱ ይላካል።

ለእያንዳንዱ ሰው የሚጻፈው ይኼ ነው፦ ሙሉ ስም ከነአባት፣ የቤት ስም፣ ዕድሜ፣ ስልክ፣ መጨረሻ የታየበት ክፍልና ሰዓት፣ ይህን የተናገረው ማን እንደሆነ፣ አሁን ያለበት ሁኔታ። የቤት ስምን የጨመርኩት ለጌጥ አይደለም። አንዷን ልጅ እናቷ «ሚሚ» ትላታለች፤ አስተማሪዋ ሌላ ስም ይሰጣል፤ ሆስፒታሉ በመታወቂያዋ ይመዘግባታል። ሦስት ስም ሦስት ሰው ሆኖ ይቆጠራል። ከዚህ የከፋው ተቃራኒው ነው፤ አንድ ስም ያላቸው ሁለት ልጆች አንድ ተደርገው አንደኛው ሲገኝ ቁፋሮው ይቆማል።

የእድሩ መዝገብ ጥሩ መነሻ ነው፤ ብቻውን ግን ይዋሻል። አባወራውንና ቤተሰቡን ይይዛል እንጂ ተከራዩን፣ ደባሉን፣ ከገጠር ትናንት የመጣውን የአክስት ልጅ፣ የቤት ሠራተኛዋን፣ ዘበኛውን አይዝም። በር ለበር ሲጠየቅ «እዚህ ማን ይኖራል?» ከተባለ የሚመጣው መልስ የቤተሰቡ ቁጥር ነው። ጥያቄው «ትናንት ማታ እዚህ ጣሪያ ሥር ያደረው ስንት ሰው ነው?» መሆን አለበት። ሕንፃ ግንባታ ላይ ደግሞ የፎርማኑን የቀን ሠራተኛ መቆጣጠሪያ አስመጡ፤ እሱም ጎደሎ ነው፤ ሲሚንቶ ስቶር ውስጥ የሚያድሩትን ስለማይጽፍ። እዚያ ትክክለኛውን ቁጥር የምታውቀው ብዙ ጊዜ ምሳ የምታቀርብላቸው ሴት ናት። በዱቤ ስለምታበላ እሷም ደብተር አላት።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ላይ የቆሻሻው ክምር ሲናድ ከ110 በላይ ሰው ሞቷል። ከሥሩ የነበሩት ቤቶች ብዙዎቹ በየትኛውም ቢሮ ያልተመዘገቡ ነበሩ። መዝገብ በሌለበት የጎደለውን የሚያውቀው ጎረቤት ብቻ ነው፤ ጎረቤቱም አብሮ ካለቀ የሚናገር አይኖርም።

በየሰዓቱ ደብተሩ ይመሳከራል። በጣም የሚያሳስተው በራይድ ወይም በሚኒባስ ተጭኖ የሄደው ቁስለኛ ነው፤ ማንም ሳይመዘግበው ወጥቷልና እሱን ፍለጋ ቁፋሮው ይቀጥላል። ስለዚህ ሁለት ልጆች ለዚህ ብቻ ይመደቡ። አንዱ መውጫው ላይ ቆሞ በማንኛውም መኪና የሚጫነውን ሰው ስምና የሚሄድበትን ሆስፒታል ይጻፍ፤ ሌላው ጥቁር አንበሳ፣ ምኒልክ፣ ዘውዲቱ፣ ጳውሎስና አቤት እየደወለ ወይም እየሄደ ያጣራ።

ሰዓት ስትጽፉ ደግሞ ተጠንቀቁ። «8፡10» ብሎ የተጻፈ ለእኛ ከሰዓት በኋላ ነው፤ በሐኪሙ መዝገብ ግን፣ በፈረንጅ ሰዓት ከተነበበ፣ ጠዋት ሊሆን ይችላል። ደም ለማቆም እግር ላይ የታሰረ ማሰሪያ ስድስት ሰዓት ተሳስቶ ከተነበበ እግሩን የሚያስቆርጥ ውሳኔ ሊያስወስን ይችላል። «8፡10 ከሰዓት፣ በኢትዮጵያ» ብሎ መጨረስ አራት ሰከንድ አይፈጅም።

ዝምታ

ፍለጋ በጆሮ ነው የሚጀመረው። ከጩኸት መሀል ግን የሰው ድምፅ አይወጣም፤ በተለይ አፈርና ጭቃ ውስጥ ድምፅ ቶሎ ይሞታል። አስተባባሪው አንድ ረጅም ፊሽካ፣ ሦስት ሰከንድ ያህል፣ ይንፋ፦ ሥራ አቁሙ፣ ዝም በሉ ማለት ነው። አንድ ረጅምና አንድ አጭር ሲሆን ሥራ ቀጥሉ። ሦስት አጭር፣ እየተደጋገመ፣ ሲሆን ሁላችሁም ውጡ። ይህ ዓለም አቀፍ የፍለጋና ነፍስ አድን ቡድኖች የሚጠቀሙበት ምልክት ነውና የራሳችሁን አትፍጠሩ፤ ከውጭ የሚመጣ ቡድንም ቢሆን ይግባባችኋል።

ዝም ማለት የአፍ ብቻ አይደለም። ጄኔሬተር ይጠፋል፣ የመኪና ሞተር ይጠፋል፣ የሁሉም ስልክ ድምፁ ይዘጋል። ከዚያ አራት ሰው በአራቱም ማዕዘን ጆሮውን ወደ ፍርስራሹ ያስጠጋል፤ አንድ ሰው ብቻ ይጣራል፦ «የምትሰሙን ካላችሁ አምስት ጊዜ አንኳኩ!» አምስት የተባለው ውሃ ሲንጠባጠብ ወይም ፌሮ ሲላላ የሚያሰማው ድምፅ አምስት ቆጥሮ ስለማይቆም ነው። አንድ ደቂቃ ሙሉ ይደመጣል። የሰማ ሰው አይጮኽም፤ ክንዱን ወደ ድምፁ ይዘረጋል። ሁለት ወይም ሦስት ክንድ የሚገናኝበት ቦታ ላይ በጠመኔ ወይም በኖራ ምልክት ይደረጋል። ጥሪው ከየክፍሉ በላይ ሦስት ጊዜ ይደገማል። ተስፋ ቆርጠው ወደ ቁፋሮ የሚመለሱት ብዙዎች አንዴ ጠርተው ነው።

የጠፋው ሰው ስልክ ላይ መደወል ይረዳል፤ ነገር ግን ሠላሳ ዘመድ በአንዴ ሲደውል የሚሰማው «የደወሉላቸው ደንበኛ ሌላ መስመር ላይ ናቸው» ብቻ ነው፤ ባትሪውም ያልቃል። ጸሐፊው አንድ ደዋይ ይምረጥ፤ የሚደወለው በዝምታው ደቂቃ ብቻ ነው፤ ሌላው በአጭር መልእክት ይሁን።

ምልክት ካልተደረገ ደግሞ የተፈተሸው ክፍል ሁለቴ ይፈተሻል፣ ያልተፈተሸው ይረሳል። ወደ ክፍል ስትገቡ በሩ አጠገብ አንድ ሰያፍ መስመር፣ ስትወጡ ሌላውን ሰያፍ ጨምሮ መስቀል ማድረግ፤ ጎኑ ላይ ሰዓቱንና የተገኘውን ቁጥር መጻፍ። አንድ መስመር ብቻ ያለበት በር ማለት ገና ሰው ውስጥ አለ ማለት ነው፤ የእናንተ ሰው።

ሁለተኛው መደርመስ

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ላይ መሬት ተንሸራቶ ከ200 በላይ ሰው ሲያልቅ፣ ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡ ነበሩ። ሁለተኛው ናዳ በእነሱ ላይ ወረደ። ይህን ለማንም ሰፈር ስናገር «እሱ እኮ ተራራ ነው» ይሉኛል። ቀበና ወንዝ ዳር ያለው የድጋፍ ግንብ፣ ፒያሳ አጠገብ ለመሠረት የተቆፈረው ጉድጓድ፣ ግማሹ ተንዶ ግማሹ የቆመው የድንጋይ አጥር ሁሉ ያንኑ ያደርጋሉ፤ መጠናቸው ያንሳል እንጂ።

ስለዚህ አንድ ሰው ምንም አይቆፍርም። ፊሽካ አፉ ላይ አድርጎ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆሞ የቆመውን ግድግዳ ብቻ ያያል። ስንጥቁ ላይ ኖራ ወይም ጭቃ ይለጥፍበትና ሲላቀቅ ያያል፤ በቱምቢ ዘንበል ማለቱን ይለካል። የሚፈስ አፈር፣ የሚንጫጫ እንጨት፣ በድንገት የሚዘጋ በር፣ ከግንቡ ሥር የሚወጣ ጭቃማ ውሃ፦ አንዱን ካየ ሦስት አጭር ፊሽካ። ጠይቆ አይነፋም። ከቆመ ግድግዳ የሚራቀው ቢያንስ የቁመቱን አንድ ተኩል እጥፍ ነው፤ ሦስት ሜትር አጥር ካለ አራት ሜትር ተኩል።

የቤቱ ዓይነትም አደጋውን ይለውጣል። የድሮ ጭቃ ቤት ምሰሶና ማገር ስላለው ብዙ ጊዜ ባንድ ጎን ዘንበል ይላል፤ ቆርቆሮው ሰውን ከመጫን ይልቅ ይከልላል። የሚገድለው ጭቃውና አቧራው ነው፤ አፍና አፍንጫ ይሞላል። ስለዚህ እዚያ ፍጥነት ወርቅ ነው፤ በእጅና በባልዲ፣ ከፊት በኩል። የብሎኬት ቤት ተቃራኒ ነው፤ ብሎኬቱ ይበታተንና ጣሪያው ሶሌታ (ጠፍጣፋ አርማታ) ከሆነ እንዳለ ይቀመጣል። ፎቅ ሲሆን ሶሌታዎቹ እንደ እንጀራ ሊነባበሩ ይችላሉ፤ እዚያ የእናንተ ሥራ መስማትና ማመልከት ብቻ ነው። አርማታ በሜትር ኩብ 2,400 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት፣ ሁለት በሁለት ሜትር የሆነ የሶሌታ ቁራጭ አንድ ተኩል ቶን ያህል ነው። አሥር ጎረምሳ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» ብሎ ቢያነሳው እንኳ አንዱ እጁ ሲዝል ከሥር ያለው ሰው ላይ ይመለሳል።

ማንሳት የግድ ከሆነ በመኪና ክሪክ ትንሽ ከፍ ማድረግ፣ ወዲያው ከሥሩ እንጨት መሙላት፣ እንደገና ትንሽ። ሁለት ሴንቲ ከፍ ካለ ሁለት ሴንቲ ይሞላል፤ ክሪኩ ከሸሸ ሸክሙ የሚወርደው ሁለት ሴንቲ ብቻ እንዲሆን። እንጨቱ አራት ማዕዘን ጠርብ፣ 10 በ10፣ ርዝመቱ ግማሽ ሜትር ይሁን፤ ሁለት ወዲህ ሁለት ወዲያ እየተሻገረ ይደረደራል፤ ጫፉ በአራቱም ጎን አሥር ሴንቲ ይውጣ። ካልተገኘ ሞራሌ ጥንድ ጥንድ አድርጎ። ድቡልቡል ባሕር ዛፍ አይሆንም፤ ይንከባለላል። የሥልጠና መጽሐፉ የክምሩ ቁመት እስከ ጎኑ ስፋት ሦስት እጥፍ ይፈቅዳል፤ እኔ ለበጎ ፈቃደኛ ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ አልፈቅድም። ክሪኩ ጭቃ ላይ አይቆምም፤ ከሥሩ ወፍራም ጣውላ። ዲጂኖ ወይም ብሎኬት መደገፊያ አይደለም፤ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈነዳው። እንጨት ቢያንስ ይንጫጫል።

የመሠረት ጉድጓድ ሲናድ ሰው ሁሉ ጠርዙ ላይ ተሰብስቦ ወደ ታች ያያል። ያ ክብደት ቀጣዩን አፈር ያወርዳል። ሕዝቡ አምስት ሜትር ይራቅ፤ ሥራ ላይ ያሉት ሰፊ ጣውላ አንጥፈው በእሱ ላይ ይቁሙ፤ የሚገባው በጠባቡ ጫፍ በኩል ነው። ወደ አንድ ሜትር ተኩል የደረሰ ጉድጓድ ጎኑ ሳይደገፍ አይገባበትም። ስካቫተር ካለ ሞተሩ ይጥፋ፤ ንዝረቱም የባልዲው ጥርስም ሰው አይለይም። የተቀበረው ሰው ከተገኘ ፊቱና ደረቱ መጀመሪያ ይለቀቃል። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ተኩል ቶን በላይ ነው፤ ሰውየው በተነፈሰ ቁጥር አፈሩ የደረቱን ቦታ እየያዘ ይሄዳል። ግማሽ አካሉ ተቀብሮ በገመድ መጎተት ግን ሰውየውን መቦጨቅ ነው፤ ጉልበቱ ድረስ ነፃ ሳይሆን አይጎተትም።

አፈሩን ለማውጣት ሰልፍ ሠርቶ ባልዲ መቀባበል እስካሁን የተሻለ ዘዴ አልተገኘለትም። አሥር ሊትር ባልዲ ሞልቶ አሥራ አምስት ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ሙሉ። የሚቆፍረው በየአሥራ አምስት ደቂቃው ይቀየር፣ ገና «አልደከመኝም» እያለ። አፈሩ የሚጣልበት ቦታ ደግሞ አስቀድሞ ተፈትሾ ባዶ የተባለ ይሁን።

እግሩ ወይም ጭኑ ከአንድ ሰዓት በላይ ተጭኖ የቆየ ሰው ከእናንተ ጋር እያወራ፣ እየሳቀም ሊሆን ይችላል። ሸክሙ ሲነሳ ከተጨፈለቀው ጡንቻ የተጠራቀመው ፖታሲየምና ቆሻሻ በአንዴ ወደ ልብና ኩላሊት ይሄዳል፤ ከወጣ በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ የሚሞተው ለዚህ ነው። ሕንፃው እየወረደ ካልሆነ በቀር ሐኪም ሳይመጣ አታንሱለት። ሐኪሙ ከማንሳቱ በፊት በደም ሥሩ ፈሳሽ ይሰጠዋል፤ ሰፈሩ «ግሉኮስ» የሚለው ሳይሆን ኖርማል ሳላይን፤ ፖታሲየም ያለበት ሪንገር አይሆንም። የእናንተ ድርሻ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደተጫነ በትክክል መንገር፣ ብርድ ልብስ ማልበስ፣ ማናገር ነው።

ጉድጓድ፦ አትግቡ

የሽንት ቤት ጉድጓድ፣ የውሃ ጉድጓድ፣ የምድር ውስጥ ታንከር። አንዱ ወደቀ፣ ወንድሙ ሊያወጣው ገባ፣ ጎረቤቱ ደግሞ ለወንድሙ ገባ። ሦስት ሬሳ። የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ማስጠንቀቂያ በእንዲህ ዓይነት ቦታ ከሚሞቱት ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሊያድኑ የገቡ መሆናቸውን ጽፏል። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ፣ በእንዲህ ዓይነት ጉድጓድ የሚጠራቀመው መርዛማ ጋዝ፣ በትንሹ ሲሆን የገማ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ የማሽተት ነርቩን ያደነዝዛል፤ ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። እርጥብ ፎጣ፣ ማስክ፣ ሎሚ፦ አንዳቸውም አይረዱም። ኩራዝ አውርዶ ማየት ኦክስጅን መኖሩን ይናገር ይሆናል፣ መርዙን አይናገርም፤ ሚቴን ካለ ደግሞ ያፈነዳል። ውሃ ለመምጠጥ ሞተር ፓምፕ ወደ ውስጥ ማውረድም ሌላ መርዝ መጨመር ነው።

የሚቻለው ይህ ነው፦ 939፤ ሌላ ሰው እንዳይገባ በጉልበት መከልከል፤ ሰውየው ነቅቶ ከሆነ ሰፊ ቀለበት የተቋጠረበት ገመድ ወርውሮ በብብቱ እንዲያስገባ መምራት፤ ከጎሚስታ ኮምፕረሰር ካለ ቱቦውን አውርዶ ንጹህ አየር መንፋት። ጫፉ ዝቃጩን እንዳይነካ፤ ሲናወጥ ጋዙ ይበዛል። የኮምፕረሰሩ አየር ትንሽ ነው፤ ከምንም ይሻላል እንጂ «አየር ገብቷል፣ አሁን ግቡ» አያሰኝም።

ጎርፍ

እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ መስቀል አደባባይ 2,350 ገደማ። ቀበና፣ ግንፍሌና ባንትይቀጡ በዚህ ቁልቁለት ነው የሚወርዱት። አራት ኪሎ ፀሐይ ወጥቶ ሳለ ላይ የዘነበው ደርሶ ወንዙ በደቂቃዎች ይሞላል። ወንዝ ዳር ፍለጋ ላይ ካላችሁ አንድ ሰው ከላይ ያለው ድልድይ ላይ ስልክ ይዞ ይቁም። የሚወርደው ውሃ ሲጠቁር፣ ቅርንጫፍና ፕላስቲክ ሲበዛ ይደውላል፤ ሁሉም ይወጣል።

አሥራ አምስት ሴንቲ የሚሮጥ ውሃ ትልቅ ሰው ይጥላል፤ ሠላሳ ሴንቲ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል። ቦቲ ጫማ ከጉልበት በታች ለሆነ ጭቃ እንጂ ለጎርፍ አይሆንም፤ ሲሞላ መልሕቅ ነው። ዘሎ መግባት የለም። ረጅም እንጨት ማቀበል፤ ካልደረሰ መወርወር። ባለ አምስት ሊትር ጄሪካን ውስጥ ለክብደት ትንሽ ውሃ ጨምሮ፣ ክዳኑን አጥብቆ፣ እጀታው ላይ ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ ሜትር የሚንሳፈፍ የፕላስቲክ ገመድ ማሰር በቂ መወርወሪያ ነው። ገመዱን እጃችሁ ላይ አትጠምጥሙ፣ ወገባችሁ ላይ አትሰሩ። የድልድይና የቱቦ አፍ ላይ ፍርግርግ ወይም የተጠራቀመ ቆሻሻ ካለ ሰው የሚጣበቀው እዚያ ነው፤ ፍለጋው ከዚያ ይጀምራል፤ ፈላጊው ግን ከላይኛው ጎን በፍጹም አይጠጋም።

ቦርሳው

ሄልሜት፣ የግንባር ባትሪ ከነመለዋወጫው፣ ፊሽካ፣ የአቧራ ማስክ፣ የዓይን መከላከያ፣ የቆዳ ጓንት፣ ከሥሩ የሚለበስ የሕክምና ጓንት፣ ጠመኔ፣ ደብተር፣ ሁለት እርሳስ፣ ሁለት ሊትር ውሃ። ለግንባታ የሚሸጠው ሄልሜት አብዛኛው አገጭ ላይ የሚታሰር ማሰሪያ የለውም፤ ጎንበስ ሲሉ ይወድቃል። በሲባጎም ቢሆን ማሰሪያ አብጁለት። ጫማው ሶሉ ወፍራም ይሁን፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ የወጣ ምስማር ስስ ሶል አይመልሰውም።

ለቅሶና መርዶ

ይህ በሥልጠና መጽሐፍ የለም፤ እዚህ ግን ግማሹ ሥራ ነው። ቤተሰቡ ፍርስራሹ ላይ ቆሞ ማልቀስ ከጀመረ ዝምታ የሚባል አይኖርም፤ ማስቆምም ነውር ነው። የእድሩ ሽማግሌዎች ከሃምሳ ሜትር በላይ ርቀው ድንኳን ይጣሉ፤ ወንበርና ውሃ ያቅርቡ፤ ቤተሰቡን እነሱ ይያዙ። በየግማሽ ሰዓቱ አንድ ሰው፣ ሁልጊዜ ያው ሰው፣ ከአስተባባሪው የሰማውን ብቻ ይንገራቸው። «ድምፅ ተሰምቷል» ማለት የሚቻለው በእርግጥ ሲሰማ ነው። «አይዟችሁ ደህና ናት» የሚል ደግ ሰው ከሁሉ ይበልጥ ይጎዳል።

አስከሬን ከተገኘ ይሸፈናል፣ ቦታውና ሰዓቱ ይጻፋል፣ ለፖሊስ ይነገራል፤ ፎቶ አይነሳም። መርዶ የበጎ ፈቃደኛው ሥራ አይደለም። ጸሐፊው ስሙን ለሽማግሌዎቹ በጽሑፍ ይሰጣል፤ መቼና እንዴት እንደሚነገር የሚያውቁት እነሱ ናቸው። በዚያ ጊዜ ፌስቡክ ላይ ስም የለጠፈ ልጅ ከቡድኑ ይሰናበት፤ እናት የልጇን ሞት ከስልክ መስማት የለባትም።

ሲያበቃ ጸሐፊው እያንዳንዱን መስመር ጮክ ብሎ ያነባል፤ ተገኘ፣ ሆስፒታል፣ ሞተ። ባዶ የቀረ መስመር ካለ አላበቃም። ካለቀ ደብተሩ ኮፒ ይደረግና አንዱ ለፖሊስ፣ አንዱ ለወረዳው፣ ዋናው እድሩ ዘንድ። ገመዱ በንጹህ ውሃ ታጥቦ ጥላ ላይ ይሰጣል፤ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ይበጣጥሰዋልም።